ፈረጀላ የተማረበት በጋ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አስተማሪ ቤቴ ድረስ መጣ። በአሶሳ ለጎልማሶች ትምህርት ሊከፈት ነበር፤ በመክፈቻው ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም እንድናገር ፈለገ። «አባባ፣ እርስዎ ድሮ ትልልቅ ሰዎችን አስተምረዋል ይባላል። አንድ ጎበዝ ተማሪዎን ምሳሌ አድርገው ይንገሩልን» አለኝ። እሺ አልኩት። ከሄደ በኋላ ግን ያን ጎበዝ ተማሪዬን ሳስብ የቀረበልኝ ገንፎ ቀዘቀዘ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመትም አልሞላኝም። መንጌ አጠገብ የፈኪ ሙሳ ረዳት ነበርኩ። ፈኪ የምንለው ቁርኣን የሚያስቀራውን መምህር ነው። ጧት እሳቸው ልጆቹን ያስቀራሉ፤ ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሰላት ሲያበቃ፣ ደግሞ ከወንዝ የሚመለሱትን ወርቅ አጣቢዎች እኔ አስተምራለሁ። ሥርዓት እወድ ነበር። ልጅ ሲሳሳት ይገረፋል፤ ጢም ያለውን ሰው መግረፍ ግን ነውር ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ትልቅ ሰው በማግስቱ አንድ ሸክም ማገዶ ያመጣል ብዬ ደነገግሁ። በዚያ በጋ የፈኪ ሙሳ ቤት ማገዶ አልቸገረውም።

ከሁሉ ጥቂት ማገዶ ያመጣው ፈረጀላ ነበር። በልጅነቱ ተማርኮ የአገሩ ሹም ባሪያ የሆነ ሰው ነው። ውሃና አሸዋ ጣቶቹን ሰነጣጥቋቸው፣ ብዕሩን እንደ መቆፈሪያ ጨብጦ ነበር የሚጽፈው። አብራው ወርቅ የምታጥብ አሻ የምትባል አሮጊት አትለቀውም ነበር።

«ፈረጀላ፣ ጥርስህ ሊረግፍ ሲል ነው ፊደል ማኘክ የጀመርከው?»

«አንቺ ገንፎሽን ጠብቂ፣ እናቴ አሻ! እኔ የማኝከው አያልቅም።»

ለመማር ለምን እንደሚቸኩል አንድ ቀን ጠየቅሁት። በጋው ሊያልቅ ሲል ሹሙ ለደጋው ገዥ ግብር ይልካሉ፤ ወርቅ፣ ከወርቁም ጋር ሰው። «ሹሙ ሰጋጅ ነው» አለኝ ፈረጀላ። «ቁርኣን የቀራ ሰው ለግብር አይሰጥም። እኔ ከተሰጠሁ ዘይነባ ብቻዋን ትቀራለች።» ዘይነባ ሚስቱ ናት። ፈኪ ሙሳም «አይሰጥም» ይሉ ነበር፤ ሁላችንም አመንን።

በእኛ ልማድ አንድ ክፍል የጨረሰ ልጅ፣ ሎህ የምንለው የእንጨት ሰሌዳው በቀለም ይጌጥለትና በየቤቱ እየዞረ ይቀራል፤ ሰው እህል ወይም ዶሮ ይሰጠዋል። ፈረጀላ ሲጨርስ እንደ ልጅ ልዙር አለ። ሹሙ በዓይናቸው እንዲያዩ ነበር የፈለገው። ሎሁን በቀይ አፈርና በጥላሸት አስጌጥኩለት። ተራራው ላይ ሣር ይቃጠል ስለነበር ያልደረቀው ቀለም ላይ አመድ እየወረደ አስቸገረን። ሲወጣ ሴቶቹ ሳቁ፤ መቅራት ሲጀምር ግን አሻ እንኳ ቀረብ ብላ አዳመጠች።

ሹሙ ደጃፋቸው ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙት። «ማሻ አላህ» አሉ። አዲስ ነጭ ልብስ አስመጥተው ከሰጡት በኋላ «መጻፍስ ትችላለህ?» አሉት።

«እችላለሁ፣ ጌታዬ!» አለ ፈረጀላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሹሙ ወደ ወኪላቸው ዞሩ። «የደጋው ገዥ ዐረብኛ የሚጽፍ ሰው እንዳጣ ልኮብን አልነበር? ይኸው።»

ግብሩ በተነሣበት ጧት ሌሎቹ በገመድ ታስረው ሲነዱ ፈረጀላ፣ ጸሐፊ ነው ተብሎ፣ ነጩን ልብስ ለብሶ በአህያ ተቀመጠ። በፊታችን ሲያልፍ «ፈኪ፣ አይሰጥም ብለውኝ አልነበረም?» አለ።

በማግስቱ ዘይነባን ልጠይቅ ሄድኩ። ባሚያ ወጥ ጥዳለች። ከድስቱ ሥር ቀይ ቀለም ያለበት ፍልጥ ይነዳል።

«ዘይነባ! የቁርኣን ሎህ እኮ ነው!»

«አጥቤዋለሁ። ፊደሉ ወርዷል፤ አሁን እንጨት ነው። ቁጭ በልና ብላ።»

ተቀምጬ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ከወርቅ አጣቢዎቹ አንድም ሰው ለትምህርት አልመጣም። ትልቅ ሰው ትምህርት አይገባውም የሚሉ አሉ። እነዚያ ግን ከፈረጀላ ፈጥኖ ነበር የገባቸው።

መክፈቻው ትናንት ነበር። ጎልማሶቹ በቀርከሃ አግዳሚዎች ላይ ተደርድረዋል። ዛሬ ሰው ለግብር አይሰጥም፣ ጊዜው ተለውጧል በልቤ እያልኩ ተነሣሁ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ገበሬ አፍ አፌን ያያል። የፈረጀላን ስም ተውኩት። ጠመኔ እንዴት እንደሚያዝ አስረድቼ ተቀመጥኩ፤ አጨበጨቡልኝ።