ተቀምጣ የምትሠራዋ የሰኪና ደመወዝ

ሰኪና ሰው ፈገግ ሲልላት መጀመሪያ የምታየው እጁን ነው፤ ምን ይዞ ይሆን ብላ። ይህን ጠባይ ያመጣችው አቃቂ ከሚገኘው ክር ፋብሪካ ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። በስድስት ዓመቷ ትኩሳት ይዟት ግራ እግሯ ሲሰልል፣ አቃቂ ድልድይ አጠገብ ሱቅ ያለው አጎቷ «ላሳክማት» ብሎ ከስልጤ አመጣት። ሕክምናው አሥር ዓመት ሙሉ ከሱቁ ጀርባ ተቀምጦ ስኳር በወረቀት መጠቅለል ሆነ። ከዚያ ወዲህ «ላንቺ ጥቅም ነው» የሚል ሰው ሲመጣባት ምርኩዟን ጠበቅ ታደርጋለች።

ከአብዮቱ በኋላ ፋብሪካው የሰፊው ሕዝብ ንብረት ሆነ። ሰፊው ሕዝብ ግን ሲወጣ በር ላይ ኪሱ ይበረበራል፤ የገዛ ንብረቱን እንዳይሰርቅ። ሰኪና የተቀጠረችው ክር ማጠንጠኛ ክፍል ነው። ሥራው የተበጠሰ ክር መቋጠርና ክር የሚጠነጠንበት ቀሰም ሲሞላ ማውረድ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ቆመው ይሠራሉ፤ እሷ ማሽኑ ጫፍ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ትሠራለች። ጣቷ ፈጣን ነው። ከጎኗ የምትቆመው ዳሲቱ የምታወርደውን ያህል ቀሰም ታወርዳለች፤ አንዳንድ ቀንም ትበልጣታለች። ደመወዝ ላይ ግን ለዳሲቱ ሃምሳ አምስት ብር፣ ለሷ ሠላሳ ሁለት።

ለምን ብላ ስትጠይቅ የአስተዳደሩ ሹም «ደመወዙ የተመደበው ለቆመ ሠራተኛ ነው፤ አንቺ ተቀማጭ ነሽ» አላት። ይህን ያለው ትራስ ባለው ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ ነው። እሴት ከጉልበት እንደሚመነጭ በየግድግዳው ተጽፏል፤ ከቁመት እንደሚመነጭ ያወቀ ግን ይህ ፋብሪካ ብቻ ነው።

አራት ዓመት አቤት አለች። ቀበሌው አንድ ክፍል ቤት ሰጥቷት ነበር፤ ኪራዩን ችላ ከአጎቷ ጓዳ መውጣት ግን አልቻለችም። በየካቲት ሰባ ሦስት፣ የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ አስጠራት። ጓድ ፈቀደ ይባላል፤ የዓለምን ታሪክ በሦስት ወር ሥልጠና ጨርሶ የተመለሰ ሰው ነው።

«ጓድ ሰኪና! ግቢ፣ ግቢ። ሻይ ይምጣልሽ?»

ሻይ! ሰኪና ክው አለች። በዚያ ቢሮ ሻይ የቀረበለት የመጨረሻው ሰው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበር፤ ከሻዩ ወዲህ ያየው የለም።

«ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

«ደመወዝሽ ከጓዶችሽ እኩል ሊሆን ነው። አብዮቱ አንቺን አልረሳሽም።»

«ማን አስታወሰው?»

«እንዴት ማለት?»

«አራት ዓመት ስጮህ አልሰማም፤ ዛሬ ማን ነገረው ብዬ ነው።»

ጓድ ፈቀደ በጥርሱ ሳቀ። «ቅዳሜ በስብሰባው ላይ፣ በወዛደሩ ፊት ወረቀት ላይ ጣትሽን ታሳርፊያለሽ፤ ሌላው የኛ ሥራ ነው። ደግሞ ከሴቶቹ የምትሰሚው ነገር ካለ፣ የቢሮዬ በር ክፍት ነው።»

ወደ ማጠንጠኛው ክፍል ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ገብቷል። ዳሲቱ ከማሽኑ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ሻዩ ስኳር ነበረው?» አለቻት።

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ትሠሪ ነበር? ስማችንን ታስጽፊ?»

«ዳሲቱ፣ እኔ?»

«ምን አውቃለሁ እቴ! የባሌን ወንድም ያስወሰደው አብሮት ምሳ የሚበላ ነው።»

«ደመወዝሽን እናስተካክላለን አሉኝ።»

«በነፃ?»

 የሰኪናም ጥያቄ ይኸው ነበር። ሦስት ቀን ምሳዋን ብቻዋን በላች። እሷ ስትጠጋ ጨዋታው ይቆማል፤ ወይም ስለ ዝናብ ይሆናል።

ቅዳሜ አዳራሹ ቀይ ጨርቅ ለበሰ። «ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ!» ይላል ጽሑፉ። ጓድ ፈቀደ ንግግሩን ከጥንታዊው የጋርዮሽ ሥርዓት ጀምሮ፣ ባሪያ አሳዳሪውን አልፎ፣ ባላባቱን ደምስሶ፣ አቃቂ የደረሰው ለእኩለ ቀን ትንሽ ሲቀረው ነው። ከዚያ ወረቀቱና የጣት ቀለሙ ቀረበ።

እዚህ ላይ ጓድ ፈቀደ ተሳሳተ። የፋብሪካው ሴቶች መቶ በመቶ ከመሃይምነት ተላቀዋል ብሎ ሪፖርት የላከው፣ ለሰኪናም የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን በእጁ የሰጣት እሱ ራሱ ነው። ሪፖርቱን ያላመነው ሰውም እሱ ብቻ ነበር።

«ላንብበው» አለች ሰኪና።

«ጓድ፣ ጊዜ የለንም።»

«የጋርዮሹን ዘመን እስኪጨርሱ ጠብቄዎታለሁ፤ እርስዎም አንድ ገጽ ይጠብቁኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰኪና ጣቷን ፊደሉ ላይ እያስኬደች፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ል… ዩ… ነ… ቱ… ልዩነቱ፣ ከክፍሉ ሴት ሠራተኞች ደመወዝ ላይ… በፈ… ቃደኝነት… በየወሩ እየተቀነሰ…»

 ዳሲቱ ተነሳች። «በማን ፈቃደኝነት?»

«ጓዶች፣ ይህ ወዛደራዊ መተሳሰብ…»

ሰኪና የቀለሙን ሣጥን ወደሱ ገፋችው። «እኔ የዳሲቱን ያህል ይከፈለኝ አልኩ እንጂ ከዳሲቱ ኪስ ይውጣልኝ አላልኩም። ያወረድነውን ክር የሚሸጠው ፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካው ይክፈል። በዚህኛው አልፈርምም።»

አንዲትም ሴት አልፈረመችም። ሰኪና ሰኞ ጋቢዋን ይዛ ወደ ሥራ ሄደች፤ ከወሰዷት እንዳይበርዳት። ግን አልወሰዷትም። ጓድ ፈቀደ «አካለ ስንኩል ሴት ጓዶች እኩል ክፍያ አግኝተዋል» የሚለውን ሪፖርት ከስብሰባው ሁለት ቀን አስቀድሞ ለበላይ ልኮ ኖሯል፤ የምስጋናው ደብዳቤም በዚያው ዕለት ደረሰ። ሰው ይታሰራል፤ የተላከ ሪፖርት ግን አይመለስም። ስለዚህ ውሸቱን እውነት ማድረግ ግድ ሆነና ልዩነቱ ከፋብሪካው ካዝና ተመደበ።

የመጋቢት ደመወዝ ቀን ሰኪና ፖስታዋን ከፈተች። ሃምሳ አምስት ብር ነው። ከፋዩ መዝገቡን ቢያስጠጋላት እስኪርቢቶውን አላነሳችም፤ ከኋላዋ ወደተሰለፈችው ዞረች።

«ዳሲቱ፣ መጀመሪያ አንቺ ተቀበይ። ቁጠሪው።»

«ምን ይሁን ብለሽ?»

«ቁጠሪው ስልሽ!»

ዳሲቱ ተቀብላ ቆጠረች። «ያው የዱሮው ነው። የጎደለ የለም።»

«ድገሚው።»

«ወይ ጣጣ!» ዳሲቱ ደገመችው፤ አሁን ተራ የያዙት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «ሙሉ ነው አልኩሽ። እንግዲህ አመንሽ?»

ሰኪና ስሟን በትልልቁ ጻፈች።

«ለዚህ ወር» አለች።