ቤንዚኑ የማይበቃው ሞተር ሳይክል

ዛሬ ጠዋት ኮልፌ ገበያ ጀርባ አንድ ወጣት መካኒክ የሞተር ሳይክል ካርቡራተር ፈትቶ ሲያጥብ የቤንዚኑ ሽታ አስቆመኝ።

በጣልያን ጊዜ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴም ግቢያችን ውስጥ እንደዚሁ አጎንብሶ ነበር። ዱር የገቡ ሰዎችን መሸሸጊያ የሚሰልል አንድ ጣልያን ሞተር ሳይክሉን አምጥቶ፣ ቤንዚን እየፈጀ ከአስኮ አላሳልፍ እንዳለው ነገረው። አባቴ ካንዴላውን ሲፈታው ጥላሸት ለብሷል። የአየር ማጣሪያውን ሲያወጣው ደግሞ የሰፈራችን አቧራ ደፍኖታል። ሞተሩ አየር አጥቶ ቤንዚን ብቻ ይጠጣ ነበር።

አጠገቡ የተቀመጡት አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ እንዳለ መልስለት። እስካሁን ወንድምህ ያለበት ጫካ ያልደረሰው ቤንዚኑ ስላልበቃው ነው" አሉት።

"አባባ፣ እኔ የነካሁት ነገር ተበላሽቶ አይወጣም" አለ አባቴ።

ማጣሪያውን አጥቦ ገጠመው። ሞተሩ ሲነሳ ያ ጥቁር ጭስ የለም። ጣልያኑ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው አባቴ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

በሳምንቱ የአጎቴ ሬሳ በበቅሎ ተጭኖ መጣ። አያቴ አላለቀሱም። አባቴን ትክ ብለው አይተው፣ "ቤንዚኑ በቃው?" ብለው ብቻ ጠየቁት።

ወጣቱ መካኒክ ሥራውን ጨርሶ ደንበኛውን፣ "አሁን ቡራዩ ደርሰህ ብትመለስ ይተርፍሃል" አለው፤ ፈገግ ብሎ። እኔ መንገዱን ተሻገርኩ።