ተቆጠረ የተባለው ክምር

በፍራሽ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ድምፅ አይበረክትም። ሌላ መጋዘን ቢሆን ሰው ሲያስል ሳሉ ጣራ ነክቶ ይመለሳል፤ እዚያ ግን ስፖንጁ ሁሉን እየዋጠ ያስቀረዋል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እንኳ ከሌላ ሰፈር የሚሰማ ወሬ ይመስላል። ለክረምቱ ልምምድ የመጣችው የሒሳብ ተማሪ መጀመሪያ የገባች ዕለት ጆሮዋ የተደፈነ መስሏት በጣቷ ነካክታው ነበር። እያደር ግን ዝምታውን ለመደችው፤ ከቢሮ ሰበብ እየፈለገች ትመላለስበት ጀመር።

ልጅቱ ድሮም ሐሳቧ አንድ ቦታ አይረጋም። ልብስ ሰፊዋ እናቷ፣ "ይቺ ልጅ ጫማዋ ቤት ነው፤ እሷ ግን ወጥታለች" እያለች ትቀልድባታለች። ሒሳብ ለማጥናት የገባችውም ቁጥር ሰብሰብ ያደርገኛል ብላ ነው። ሰው ራሱን ለመግራት የሚመርጠው ነገር ብዙ ጊዜ መልሶ ራሱን ይመስላል። ቁጥሮቹ ሰብሰብ ሊያደርጓት ቀርቶ እነሱም ይዘዋት መሄድ ጀመሩ፤ ሰባትን ስትጽፍ የታጠፈ መንገድ ይታያታል፣ ዜሮ ላይ ስትደርስ ጉድጓዱን አጎንብሳ ታያለች።

የሚያሠራት የፋብሪካው ሒሳብ ሹም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ የሚፈልግ፣ ዝም ማለት የሚያበዛ ሰው ነው። ልጅቱን ወዷታል። አንድ ቀን ማንም ሳይጠይቀው ሁለተኛውን ጠረጴዛ በአገጩ አመለከተና፣ ስትመረቅ የተቀመጠችበት ወንበር የእሷ እንደሚሆን ነገራት። እናቷ ይህን የሰማች ዕለት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች፤ በማግስቱ ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰችው።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል የዓመቱ መዝጊያ ቆጠራ መጣ። የዘንድሮው ከወትሮው ይከብዳል፤ መጋዘኑን ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ሴት ጡረታ ልትወጣ ነው። ጫኞቹን ጠዋት ማታ "ቀስ በሉ! ቀስ በሉ!" ስለምትል ስሟ ተረስቶ "እትዬ ቀስ በሉ" ሆና ቀርታለች። ከእህቷ ጋር ልትኖር ዕቃዋን አስራ ጨርሳለች። የቀራት ከንብረት ነጻ መሆኗን የሚያረጋግጥ አንድ ፊርማ ነው፤ እሱም የሚገኘው ቆጠራው የገባና የወጣ ዕቃ ከምትመዘግብባቸው ካርዶች ጋር ሲገጥም ነው።

የቆጠራው ደንብ ቀላል ነው። አንዱ ቆጥሮ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል፤ ተቆጥሮ ያለቀ ክምር ላይ ቢጫ ወረቀት ይለጠፋል። ቢጫ ያለበትን ማንም ዳግመኛ አይነካውም። የመጋዘኑ ጠባቂ ግን አትቆጥርም፤ በገዛ ዕቃዋ ላይ ምስክር መሆን ስለማትችል ወንበር ስባ በር ላይ ትቀመጣለች።

ልጅቱ እየጠራች ሒሳብ ሹሙ እየጻፈ ጥሩ ሄዱ። የባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ከተደረደረበት ጥግ ደርሰው አንዱን ክምር እንደ ጨረሱ ሒሳብ ሹሙ ስልክ ተጠርቶ "መጣሁ" ብሎ ወጣ። ቀጣዩ ክምር ግድግዳውን ታክኮ ጣራ ሊነካ የደረሰ ነው፤ ከኋላ የተደበቀውን ረድፍ ለማየት በመሰላል መውጣት ያስፈልጋል። ልጅቱ በአንድ እጇ እርሳስ ይዛለች፤ በሌላው ጣቷ ላይ ቢጫው ወረቀት ተጣብቋል። መሰላሉን የምትይዝበት እጅ አጣች። አሁኑኑ የምቆጥረው አይደል እንዴ ብላ ወረቀቱን ክምሩ ላይ ለጠፍ አደረገችና ወጣች።

ላይ ሌላ ዓለም ነበር። ብርሃን እንዲያስገባ ጣራው ላይ በተገጠመው ነጭ ፕላስቲክ ዝናቡ ሲንሸራተት ይታያል፤ አይሰማም። ለአፍታ ጋደም አለች። የማንም ሕልም ያላረፈበት ፍራሽ ነው። ከሥሯ ያሉት ሁሉ ነገ የሚገቡባቸው ክፍሎች እየተከፈቱ ታዩዋት፤ ሙሽሮች ያሉበት ክፍል፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ያለበት ክፍል፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ የተኛ አንድ ሽማግሌ። የተኙትን እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መቁጠር ጀመረች። አንድ ስትል ከታች "ጻፍኩት፤ ቀጥይ" የሚል ይመልስላታል፤ ሁለት ስትል፣ "ጻፍኩት፤ ቀጥይ።"

ሒሳብ ሹሙ ሲጠራት የፍራሹ መሸፈኛ ፕላስቲክ መስመር ጉንጯ ላይ ታትሞ ወረደች። እሱ ቢጫውን አየ፤ ዝርዝሩ ላይ መጨረሻ የጻፈውም ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ነው።

"ይኼኛው አልቋል አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

ከልቧ ነው ያለችው። ቆጥራለች፤ ሲጻፍም ሰምታለች።

ሒሳቡ ሲሠራ ሃያ አራት ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ጎደለ። ሌሎች ሠራተኞች ተልከው መጋዘኑን ዞሩት፤ የሚፈልጉት ቢጫ የሌለበት ክምር ስለነበር አላገኙም። ያ የሚያህል ቁልል በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ከዓለም ጠፋ። የተደበቀ ነገር ፈላጊ አያጣም፤ ታይቷል የተባለውን ግን ማን ይፈልገዋል?

እትዬ ቀስ በሉ መጀመሪያ ሳቀችባቸው። ፍራሽ በኪስ አይወጣ፣ ዓይኔ ያውቀዋል፣ አልጎደለም አለች። ዓይን ግን ማስረጃ አይሆንም። ቀን ሲጨመር ሳቋ ቀነሰ፤ ቁልፎቿን በመዳፏ ጨብጣ በክምሮቹ መሃል እየተመላለሰች ከራሷ ጋር ታወራ ጀመር። አንድ ከሰዓት ልጅቱን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"ዝናብ የመጣብን ዕለት ተቻኩለን የጫንነው መኪና ነበር" አለቻት። "እኔ ከታዘዘው አብልጬ ሳልጭን አልቀረሁም። መቻኮሌ አልታወሰኝም ነበር፤ አሁን አሁን እየታወሰኝ ነው። አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ የኔ ልጅ።"

ልጅቱ እጇን ይዛ አጠገቧ ቆየች።

በዚያው ዕለት እቤት ስትገባ እናቷ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግታ ጠበቀቻት። እንደ ልማዳቸው ልጅቱ ሜትሩን ይዛ ልኩን ትጠራለች፤ እናቷ በጠመኔ ታሰምርና፣

"ጻፍኩት፤ ቀጥይ" ትላለች።

ልጅቱ ሜትሩን እንደያዘች ቀረች። ከክምሩ ሥር ሲመልስላት የነበረው ድምፅ ይኸው ነው። ሒሳብ ሹሙ "ቀጥይ" ብሏት አያውቅም፤ እሱ ጻፍኩ ለማለት ጉሮሮውን ነው የሚጠርገው። መሬቱ ከእግሯ ሥር ለስለስ፣ ሰመጥ ያለ መሰላት።

ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ጠመኔውን አስቀምጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ወንበሩ ነበር። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ ፍራሹ የትም አይሄድም፣ ሲሸጥ ሲገለበጥ ራሱ ይገኛል፣ አንቺ ምን አገባሽ ዝም በይ አለቻት። ልጅቱ ሜትሩን ጠቀለለች። ፍራሹስ እውነትም የትም አይሄድም። እየሄደች ያለችው ሌላ ናት፤ በየቀኑ ያልሠራችው ጥፋት ትንሽ ትንሽ እየታወሳት የምትሄድ አንዲት ሴት።

ጠዋት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሒሳብ ሹሙ ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ ከግድግዳው ያለውን ክምር አልቆጠርኩትም። ቢጫውን ለጥፌ ወጣሁና ተኛሁ።"

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ።

"አልቋል ወይ ስልሽ አዎ ብለሻል።"

"በሕልሜ ቆጥሬው ነበር።"

ዝም አለ። ዝምታው የመጋዘኑ ዓይነት ዝምታ አልነበረም፤ ይሰማል።

"ስንት ሆኖ ነበር?" አላት በመጨረሻ።

"ሳልጨርስ ጠሩኝ።"

ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም ወረቀት አይቶ ማለፉን በጥርሱ መሃል አጉረመረመና ተነሥቶ ወደ መጋዘኑ መራት።

በር ላይ ለእትዬ ቀስ በሉ የነገረቻት ራሷ ልጅቱ ናት። ሴትዮዋ አንገቷን አዘንብላ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ለካ ፍራሽ ላይ አይደለም የተኛሽው፤ ጡረታዬ ላይ ነው" አለቻት።

ጫኞቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቆጠራው እስኪያልቅም ወደ ልጅቱ ዞር አላለችም። ልጅቱ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ እየዳሰሰች ጠራች፤ ሒሳብ ሹሙ ከታች ጉሮሮውን እየጠረገ ጻፈ። ሃያ አራቱ ነበሩ። ፊርማው እዚያው፣ ፍራሽ ላይ ተደግፎ ተፈረመ።

ከትምህርት ቤቷ የመጣው መገምገሚያ ላይ ሒሳብ ሹሙ ለትኩረት ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጣት፤ ከታች በእጁ ጽሑፍ፣ "ትተኛለች። ስትነቃ ግን ሳትጠራ ትመጣለች" ብሎ ጨመረ። ስለ ወንበሩ በጭንቅ ጠየቀችው። የምሰጠው መስሎኝ ተናግሬ ነበር፣ አሁን ግን የሚመጣውን ዓመት አይቼሽ ነው የምወስነው አላት። የሰጣትም የነሳትም አልመሰላትም። እናቷ ለጎረቤት ምን እንደምትል እያሰበች ወረቀቱን አጥፋ ወጣች።

ግቢው ውስጥ እትዬ ቀስ በሉ ቁልፎቿን አስረክባ፣ ከመሳቢያዋ የወጣ ጥቃቅን ዕቃ በትልቅ ጨርቅ ቋጥራ ቆማለች። ልጅቱ ራቅ ብላ ልታልፍ ስትል ሴትዮዋ ተናገረች።

"ልምል ትንሽ ነበር የቀረኝ፣ ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ ብዬ። ያ መኪና አሁንም ይታየኛል። እንዳላበለጥኩ ወረቀቱ ይናገራል፤ እኔ ግን ሲጫን አያለሁ።"

ልጅቱ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ለነገሩ አነሰባት። ሕልም ምን እንደሆነ ከዚያች ሴት የተሻለ ታውቃለች፤ ከሰው ላይ እንዴት እንደሚነሳ ግን አታውቅም።

"እኔም ሲጻፍ ሰምቼ ነበር፣ እትዬ" አለች በመጨረሻ። "ዛሬም ይሰማኛል።"

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አንስታ አየቻት። ጉንጯን፣ መስመሩ የነበረበትን ቦታ፣ የፈለገች መሰለ። ከዚያ የቋጠሮውን አንድ ጫፍ ዘረጋችላት።

"በይ ያዥልኝ" አለቻት፤ ተሸክመው በሩን ወጡ።