የኔታና የመኪናዬ ቀበቶ

«የኔታ፣ ቀበቶዎን ሳያስሩ ይቺ መኪና ንቅንቅ አትልም» አልኳቸው ዛሬ ጠዋት ሉማሜ ላይ።

ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው የሱሪያቸውን ቀበቶ አሳዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ሳልታጠቅ ከቤት ወጥቼ አላውቅም!»

ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ ላደርሳቸው ነበር። እኔም እሳቸውን የማስተምርበት ቀን መጣ ብዬ ደስ አለኝ።

የመኪናውን ቀበቶ ስቤ አሰርኩላቸውና ስብከቴን ጀመርኩ። መኪና ማለት ፍሬን ነው፣ ፍጥነት የጉብዝና ምልክት አይደለም፣ ቀበቶ የማያስር ሹፌር መንጃ ፈቃዱን መነጠቅ አለበት አልኩ።

(የመኪና ወሬ ከጀመርኩ ፍሬን የሌለኝ እኔው እንደሆንኩ ታውቃላችሁ።)

የኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ትከሻዬን አየት አደረጉና «ግሩም ትምህርት ነው ልጄ። ያንተስ ቀበቶ የሱሪህ ብቻ ነው?» አሉኝ።

ዞር ብዬ ሳይ የኔው ቀበቶ በሩ አጠገብ ተንጠልጥሏል።

በዚህ ዕድሜዬ እጄን ለአለንጋ ልዘረጋ ምንም አልቀረኝ።

እናንተስ መኪና ውስጥ ማን አዋርዷችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። መኪናዬን አቁሜ አነብባለሁ፤ ቀበቶዬን ግን አልፈታም።