ባለ አራት ምድጃ ከበሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞላሌ ስመለስ ጉልበቴ ላይ አቅፌ የያዝኩት ዕቃ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴትዮ የኤሌክትሪክ ምድጃ መሰላት። አራት ክብ ጎማ አለው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ። መብራት ሲመጣ ሲሄድ በሚውልበት አገር አራት ምድጃ ምን ያደርግልሃል ብላ አዘነችልኝ። የቪዲዮ ጌም ከበሮ ነው ብላት የባሰ እንደምታዝንልኝ ስለገባኝ ምድጃ እንደመሰላት ተውኳት።

ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለው በሁለት እንጨት የሚደበድቡት የፕላስቲክ መጫወቻ ነው። አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጥ ሰው ሱቅ ጥግ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ጌሙ የለም፣ ማጫወቻው የለም፤ ሻጩ ከዓይኑ ዞር ስላደረግኩለት ብቻ ደስ አለው። እኔ ግን ገመዱ ላፕቶፕ ላይ ከተሰካ፣ ምቱን ወደ ሚዲ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ከተጫነ፣ ጎማዎቹ የተፈለገውን ድምፅ እንደሚያወጡ አንብቤ ነበር። ሚዲ ራሱ ድምፅ አይደለም። የትኛው ጎማ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተመታ ብቻ ይይዛል፤ ድምፁን የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ነው።

የፈለግኩት የአባቴን ምት ነበር። አባቴ መርሐቤቴ ውስጥ ባለው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከበሮ መቺ ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። በስልኬ የበግ ገበያ ጫጫታ ሳይቀር ቀድቻለሁ፤ እሱን አንድ ቀን እንኳ አልቀዳሁትም። መረግድ ሲመታ፣ ማለትም ዜማው ገና ሳይፈጥን፣ ግራ እጁ ጥቂት ትዘገይ ነበር። ሌሎች እንደዚያ አይመቱም። ያቺን መዘግየት ከእኔ በቀር የሚያስታውስ ሰው የለም፤ እኔም ልረሳት ጀምሬ ነበር። ይህ በጣም ያስፈራኝ ነበር።

ሞላሌ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የተከራየሁት ክፍል ከአከራዬ ቤት የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ከተማ የገቡባቸው አሮጊት ናቸው። ጠዋት በሩ ላይ ደኅንነት እንጠያየቃለን፤ ከዚያ እሳቸውም ወደ ውስጥ፣ እኔም ወደ ሥራዬ። ቅዳሜና እሑድ ባልደረቦቼ ወደየቤተሰባቸው ሲሄዱ፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ ከዚያች ሰላምታ ሌላ ቃል ሳልናገር የምውልበት ጊዜ ነበር።

ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት አንድ ዲያቆን ለምኜ የከበሮውን ሰፊ አፍና ጠባብ አፍ አንድ አንድ ጊዜ መታልኝ፤ በስልኬ ቀዳሁት። ሰፊውን ለቀዩ ጎማ፣ ጠባቡን ለሰማያዊው ሰጠሁ። መጀመሪያ ላይ አልሆነልኝም። ጎማው የተሠራው ለሚደበድብ ሰው ስለሆነ ለስላሳ ምት አይሰማም። ላፕቶፑ ደግሞ አሮጌ ነው፤ ከመታሁ በኋላ ቆይቶ ነው ድምፅ የሚሰጠኝ። የትኛው መዘግየት የአባቴ፣ የትኛው የላፕቶፑ እንደሆነ ጠፋኝና ለብቻዬ ተሳደብኩ። ማስተካከያውን እየነካካሁ ሳምንት ፈጀሁበት።

ጾሙ ከገባ በኋላም አላቆምኩም። በሁዳዴ ከበሮ እንደማይመታ የማላውቅ ሆኜ አይደለም፤ በአባቴ ቤት በእነዚያ ሳምንታት ከበሮው ተሸፍኖ ነበር የሚቀመጠው። የእኔ ግን ጎማ ነው፣ ድምፁም ጆሮዬ ውስጥ ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማዳመጫዬን አድርጌ እመታለሁ። አንድ ከሰዓት ቀና ስል አከራዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ከበሮ በጾም አይሆንም አሉኝ። ይሄ ድምፅ የለውም እማማ፣ ጎማ ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

«የለውም ትላለህ? እኔ ከግድግዳው ወዲያ ስሰማው አይደል የሰነበትኩት፤ መረግድ ነው» አሉ።

አፈርኩ። ለፋሲካ ያድርሰንና ያኔ ትመታለህ፣ እኔም እሰማሃለሁ ብለውኝ ሄዱ። ከበሮውን አልጋዬ ሥር ከተትኩት። የሚገርመው፣ ሰው እንደሚሰማኝ ካወቅኩ በኋላ ዝምታው ባሰብኝ። ከግድግዳው ወዲያ ሲያስሉ እሰማለሁ፤ እሳቸው ግን ከእኔ የሚሰሙት አልነበረም።

በሰሙነ ሕማማት ልጃቸው መጣችና ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ዶሮዎቹን አደራ ብለውኝ ሄዱ። ፋሲካን ብቻዬን ፈሰክኩ። በማግስቱ ከበሮውን አውጥቼ ቀኑን ሙሉ መታሁ፤ አመሻሽ ላይ ቀረጻው አለቀ። እውነተኛ ከበሮ ነበር የሚመስለው፣ ጥርት ያለ። ደጋግሜ ሰማሁትና ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ የምነግረው ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። አከራዬ ጋ ደወልኩ።

እንኳን አደረሰዎት ብዬ ቀረጻውን ከፈትኩና ስልኩን የላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ላይ ደቀንኩት። ሲያልቅ ደግ ነው፣ የየትኛው ደብር ነው አሉኝ። የእኔ ነው፣ ለፋሲካ እሰማሃለሁ ያሉኝ አልኳቸው።

«አይደለም ልጄ። ያንተ አንደኛዋ እጅ ወደ ኋላ ትቀራለች።»

ላፕቶፑን ከፍቼ አየሁ። ምቶቹ በሙሉ በመስመር ተሰልፈዋል። ፕሮግራሙ ሲቀርጽ የዘገየውን ሁሉ ወደ ልኩ የሚያመጣበት ማስተካከያ አለው፤ ስነካካ ሳላውቅ ከፍቼው ኖሯል። የአባቴን እጅ አርሞልኛል። እኔ ደግሞ ደጋግሜ ስሰማ ውዬ አላወቅኩም።

ስልኩ ገና አልተዘጋም። ገመዱን ነቀልኩ። ስልኩን ግድግዳው ሥር አስቀምጬ ላፕቶፕም ማዳመጫም በሌለበት መታሁ፤ ደረቅ የእንጨትና የጎማ ኳኳታ ብቻ። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቆየት ብላ ግራ። ስጨርስ ስልኩን አነሳሁ።

«እሷ ናት፤ እሷን ነበር ስጠብቅ የምውለው» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። የአባቴ እጅ እንደሆነች አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። እዚህ በየክፍሉ ቴሌቪዥን ይጮሃል፣ እስቲ ድገምልኝ አሉኝ፤ ስልኩን ወደ ግድግዳው መልሼ ደገምኩላቸው።