ጋሽ ይስማው ከፊትና ከጎን

ዙፋን ይስማው የተቀመጠችበት ወንበር አይሞቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እሷ ታፔላ ጸሐፊ ናት፤ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ሱቆቻችን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ። ስለዚህ መቼ እንደምትቀመጥና መቼ እንደምትነሣ ሳላያት አውቃለሁ። ወንበሩ ሲጥ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ሲጥ ይላል። በመካከሉ ያለው ጊዜ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እንኳ አይበቃም።

እንዲህ ያለች ሴት ሰው አስቀምጣ፣ እሷም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ መልኩን ልትሥል ተነሣች ሲሉኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ያልሞከረችው ሥራ የለም። መተማ ዮሐንስ ላይ ሻይ ሸጣለች፤ አንድ ሾፌር አግብታ ፈትታለች፤ ድንበሩን ተሻግራ ገላባት መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጥራለች። ሥዕል የጀመራት እዚያው መጋዘን ነው። ጆንያው ላይ የባለቤቱን ስም በቀለም እንድትጽፍ አዘዟት። ስሙን ጽፋ ስትጨርስ እጇ አላርፍ ብሏት በከሰል የሰውየውን ፊት ግድግዳው ላይ ሣለችው። ሰውየው ተቆጣ፤ አፍንጫው ግን ቁርጥ የራሱ ስለነበር አጥፊው አላላትም። ኋላ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ እንደ ሌላው ሁሉ ጨርቋን ጠቅልላ ተመለሰች።

እዚህ ከመጣች ወዲህ የምግብ ቤት ታፔላ ትጽፋለች፤ የባጃጅ ጀርባ ታስጌጣለች፤ የትራክተር ተጎታች ላይ የባለሀብቱን ስም ትጽፋለች። ባነር የሚያትም ማሽን ከተማችን ከገባ ወዲህ ግን ሥራዋ ቀዝቅዟል። እሷም ብትሆን ሰልችቷታል። «ፊደል ጠገብሁ አሸናፊ። ሰው ነው መሣል የምፈልገው» ትለኛለች፤ ይህን ስትለኝም ቆማ ነው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ስልኳን ይዛ ሱቄ ዘው አለች። ጎንደር ያለ አንድ የሠዓሊዎች ማኅበር ያወጣው ማስታወቂያ ነበር። ሕያው ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ የመሣል ሥልጠና ይሰጣል፤ አጥንቱን፣ ጡንቻውን፣ ብርሃንና ጥላውን፣ የጥንቶቹ ሊቃውንት ያስተምሩ በነበረው መንገድ። ሥልጠናው ሲያልቅ የሁሉም ሥራ ለሕዝብ የሚታይበት ዐውደ ርእይ አለ። መግባት የሚፈልግ ግን አስቀድሞ አንድ ሰው ከፊትና ከጎን ሥሎ፣ ወረቀቱን ራሱን ይዞ ይምጣ ይላል። ከፎቶ የተገለበጠ አይቀበሉም።

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?» አልኋት።

«ሰው!»

እውነቷን ነበር። ጥቅምት በእኛ ቆላ ሰው የሚቀመጥበት ወር አይደለም። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ታጭዶ ነዶው ሂላ በምንለው ክምር ተደጋግፎ ቆሞ ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል፤ የዘገየ ገበሬ ምርቱን ለመሬት መለሰ ማለት ነው። ገበሬው ይሮጣል፣ ደላላው ይሮጣል፣ ቀን ሠራተኛው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይሮጣል። በዚያ ወር ቁጭ ያለ ሰው ካየህ ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ የእብደት መጀመሪያው ነው። እኔንም ሞክራኝ ነበር። የስፌት መኪናዬ ላይ እንዳጎነበስሁ ስለምውል ያገኘችው መላጣዬን ብቻ ነው።

በመጨረሻ የቀሯት አባቷ ነበሩ።

ጋሽ ይስማው ከደጋ የወረዱ፣ በቆላው ፀሐይ የከሰሉ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው። ዓይናቸው ላይ ጥቁር መነጽር አለ። ቤተ ክርስቲያንም ገበያም አድርገውት ይሄዳሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነዶ ተሸክመው ሲሄዱ የደረቀ የሰሊጥ አገዳ ግራ ዓይናቸውን ወጋቸው። ጎንደር ሄደው ይታከሙ ቢባሉ «ሰሊጡ ይራገፍብኛል» ብለው በሻሽ አስረው አጨዱ። አጨዳው ሲያልቅ ዓይኑም አልቆ ነበር። ዙፋን ያኔ ገላባት ነበረች። ስትመለስ መነጽሩን ነው ያገኘችው፤ ከሥሩ ያለውን አይታ አታውቅም። ማንም አላየም።

«አባየ፣ እባክዎ ትንሽ ይቀመጡልኝ» አለቻቸው፤ ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ እሰማለሁ።

«ምን ልሠራ?»

«ምንም።»

«ምንም ለመሥራት ጊዜ የለኝም ልጄ።»

ሆኖም የልጅ ነገር ሆነባቸው። በገበያ ቀን ሠራተኛ ሊቀጥሩ ወደ ከተማ ሲወጡ፣ ሰዎቹ እስኪመጡ በረንዳችን ላይ ሊቀመጡላት ተስማሙ።

ከፊት ጀመረች። «መነጽሩን ቢያወልቁት» አለች።

«ፀሐይ አይስማማኝም» አሉ ጋሽ ይስማው። የተቀመጡት ጥላ ውስጥ ነው።

እሷም ከመነጽሩ ጋር ሣለቻቸው። ሄጄ ባየው ጥቁር መነጽር ሥላ ከኋላው ሽማግሌ የጨመረች ነበር የሚመስለው። እሷም አውቃዋለች። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ እርሳስ ቀረጸች፣ ደግሞ ተነሣች። አባትየውም ከልጃቸው አይሻሉም፤ ሠራተኞቹ የሚመጡበትን መንገድ ለማየት በየጊዜው ይዞራሉ። ሁለቱን ሳይ እኔ ራሴ ስፌቱ ጠመመብኝ።

በኋላ ዙፋን ወንበሯን አንሥታ በቀኝ በኩላቸው ዞረች። ደህናው ዓይን ባለበት ማለት ነው። ከዚያ በረንዳው ላይ ሲጥ የሚል ነገር ጠፋ። የሆነ ነገር ደረሰባት ብዬ ደንግጬ ወጣሁ።

ምንም አልደረሰባትም፤ ትሥላለች። መነጽሩን ሳትሥል ትታዋለች። በጆሯቸውና በመነጽሩ መካከል ከጎን የሚታየውን ዓይን፣ መንገድ መንገድ የሚያየውን፣ ቁልጭ አድርጋ አስቀምጣዋለች። የጉንጫቸው አጥንት፣ የአንገታቸው ጅማት፣ የከንፈራቸው ንጭንጭ ሁሉ አለ። ሰውየው ሊናገሩ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ቆርቆሮ ቤት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አኮራችኝ።

በዚህ መሐል አገኘሽ፣ ማዶ ሻይ የምትሸጠው፣ ብርጭቆ ልትሰበስብ መጣች። ወረቀቱን አይታ አፏን ያዘች።

«ውይ ጋሽ ይስማው! ባንድ ዓይን? ሠላሳውን ብር የት አደረሱት?»

በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሳቀ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥር ያደገ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ጻድቅ ሁለት ዓይኑን ገልጦ ፊት ለፊት ያይሃል። ከጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ ጭፍሮቹና ሰይጣንም እንደዚያው። የአገኘሽ አፍ ደግሞ ቅጥር የለውም።

ጋሽ ይስማው ተነሡ። ወረቀቱን ከልጃቸው እጅ ወሰዱ። ራቅ አድርገው አዩት።

«ማንን ሸጥሁ?» አሉ።

«አባየ፣ እንደሱ አይደለም...»

«ዕድሜየን ሙሉ ደጁን የሳምሁ ሰው ነኝ። ልጄ ከይሁዳ ጋር ታቆመኝ?»

የምትለው ነገር ነበራት። በውጭ አገር ነገሥታቱ ሳይቀሩ ከጎን ይሣላሉ ማለት ትችላለች፤ ለእኔ ነግራኛለች። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እሷ ግን ያፈሰሰችው የሚለቀም አልነበረም።

«ዓይንዎን ልደብቅልዎ ብየ ነው!» አለች ጮኻ።

አገኘሽ ብርጭቆዋን ይዛ ሄደች። ጋሽ ይስማው ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጡና «አቃጥይው» ብለው፣ ሠራተኞቹንም ሳይጠብቁ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አታንሡብኝ። ወንበሩ አበደ። ደግሞ የጎንደር መንገድ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ዛሬ ይከፈታል ሲሉ ነገ ይዘጋል። ዙፋን መናኸሪያ ትሮጣለች፣ ተመልሳ እኔ ጋ ትገባለች፣ የተቆረጠ ጨርቄን ትረግጣለች።

«ሌላ ዓይን ልጨምርበት?» ትለኛለች።

«ከጎን ሁለት ዓይን? ይስቁብሻል።»

«ሳልወስደው ብቀርስ?»

«ታፔላ ትጽፊያለሽ።»

ይህን ያልሁት በንዴት ነው። በሷም፣ በአባቷም፣ በአገኘሽም ተናድጄ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ግን አሳዘነችኝ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትል የሚይዛት ነገር አጥታ ነው። አሁን የሚይዛት ተገኘና እሱም ከእጇ ሊወጣ ነው።

አንድ ማታ ሰሊጥ የጫነ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ትዕዛዙ የሚሉት፣ ሱቋ በር ላይ ቆሞ «ነገ ጠዋት በእጀባ እንወጣለን። የምትሄጅ ከሆነ ተዘጋጂ። ከነገ በኋላ ኻላስ፣ አለቀ፤ መቼ እንደሚከፈት አላውቅም» አላት።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሻንጣዋን ዘግታ በረንዳው ላይ ቆማለች። የጎኑን ሥዕል አላቃጠለችም፤ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጋ አስራዋለች፤ ያንን የመነጽሩን ፊት ግን አልያዘችውም። «ግማሽ ሰው ይዤ ልሄድ ነው» አለችኝ። እንደማይቀበሏት ታውቃለች። ታዲያ ለምን ትሄዳለች ብላችሁ ከሆነ፣ እዚህ መቆም ስላልቻለች ነው።

በዚያ ሰዓት ጋሽ ይስማው ከማሳ መጡ። ልብሳቸው የሰሊጥ ገለባ ነው። ሠራተኞች የጫነ ተጎታች መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ማንም ይቀመጡ ሳይላቸው ወንበሩን ስበው፣ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አድርገው ተቀመጡ።

«አቃጠልሽው?»

«አላቃጠልሁትም።»

«ብታልፊ ሁለቱንም ይሰቅሉታል? የፊቱንም የጎኑንም?»

«አዎ። አጠገብ ለአጠገብ።»

«ደግ» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ፊቴንም ሣዪው። ጎኔን አይቶ ይሁዳ ያለ ሰው ወደዚህኛው ዞር ብሎ ይይ። ባንድ ዓይን የቀረሁት ሰው ሽጨ ሳይሆን ሰሊጥ አጭጀ ነው።»

ዞር ማለት ነበረብኝ፤ አልዞርሁም። የግራ ዓይናቸው ሽፋን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ በስንጥቁ ነጭ ነገር ይታያል፤ ከሥሩ ወደ ጉንጫቸው የወረደ ጠባሳ አለ። ደህናው ዓይን ልጃቸውን ያያል።

ዙፋን ተቀመጠች። እርሳሷን አንሥታ ጀመረች። ትዕዛዙ ጡሩምባውን ነፋ። ከተጎታቹ ላይ አንዱ «ጋሽ ይስማው፣ ፀሐይ ወጣ እኮ!» ብሎ ተጣራ። እሳቸው አንገታቸውን ሳያዞሩ «ጠብቁ» አሉ። ትዕዛዙ ሊቆጣ ከመኪናው ወርዶ መጣ፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ቆቡን አውልቆ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ዓይኑ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። እንባዋ ወረደ።

«አባየ፣ ለምን እስከ ዛሬ አላሳዩኝም?»

«መች ቁጭ አልሽና?» አሉ ጋሽ ይስማው። ቁጣ አልነበረበትም። ሐቁን ነው የነገሯት።

ያንን ሥዕል ጨርሳ ነው የሄደችው። እጀባው ጥሏቸው ሄዶ ነበር፤ ትዕዛዙ እየተሳደበ ከመውጫው ኬላ ላይ ደረሰበት።

አልፋለች። ሥልጠናው ሊያልቅ ነው፤ ዐውደ ርእዩ ታኅሣሥ ውስጥ ይከፈታል። ስልክ በሠራ ቀን ደውላ፣ የአባቷ ሁለቱም ሥዕሎች እንደተመረጡና ከበሩ ፊት ለፊት እንደሚሰቀሉ ነገረችን። በወሬዋ መሐልም ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ እንደምትውል ማለች፤ እኔ አላመንኋትም።

አሁን ጤና የነሡኝ አባትየው ናቸው። ጎንደር ሄጄ አያለሁ ብለው ኮት አሰፉኝ። ኮቱ ካለቀ ሰነበተ፤ መንገዱ ግን ተመልሶ ተዘግቷል። ሰሊጡ ገብቷል፣ ሥራ የላቸውም። በየጠዋቱ መናኸሪያ ሄደው «ተከፈተ?» ይላሉ፤ ከዚያ ሱቄ ገብተው ኮቱን ይለብሳሉ፣ ይቆማሉ፣ አውልቀው ይሰጡኛል። ደግሞ ከሰዓት ይመጣሉ። ልቤን አወለቁት።

ዛሬም ለብሰውት መስተዋቱ ፊት ሲቆሙ መነጽሩ ከላይ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ጋሽ ይስማው፣ ጎንደር ብዙ ሰው ነው ያለው። መነጽርዎን አያደርጉም?» አልኋቸው።

እንደ ሞኝ አዩኝ።

«በመነጽር ብሄድ፣ እዚያ የተሰቀለው ሰው እኔ መሆኔን በምን ያውቃሉ?»