ያላደረስኩት አቤቱታ

ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለባለቤቴም አልነገርኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ነገር እየጠየቅኩና እያጣራሁ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ የራሴን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈው እንደ ዜና ነው፤ ማን፣ የት፣ ምን አደረገ። አድራጊው እኔ ነኝ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ አካባቢ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ አራት ሆነን እንኖር ነበር። እኔና ባለቤቴ በአንዱ ክፍል፣ አባቴና የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ማህሌት በሌላው። አባቴ አገር ቤት የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው፣ እናቴም ከሞተች በኋላ፣ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ማህሌትን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት፣ የሚመልሷት፣ ጸጉሯን ሳይቀር የሚያበጥሩላት እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ የእድር ሰዎች ሊጠይቋቸው ይመጡና ሳሎኑ ይሞላል። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ኩሽና እቀመጣለሁ።

"ይሄ ጋዜጠኛ ልጅዎ እኛን ኢንተርቪው የማያደርገን ወሬያችን አንሶት ነው?" ይላሉ ጋሽ ታደሰ፣ እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

"ተወው፣ እሱ የሚጽፈው ስለማያውቀው ሰው ብቻ ነው" ብለው አባቴ ያስቁብኛል።

እውነቱን ልናገር። የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አባቴ አላስቸገሩኝም፣ አልተጣላንም፣ አልታመሙም። ክፍላቸውን ፈለግሁት።

በዚያው ሰሞን የምሠራበት የአማርኛ ጋዜጣ አዘጋጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ስላለ አንድ መንደር እንድጽፍ ላከኝ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት በላይ ለሆኑ ሰዎች ብቻ የተሠራ መንደር ነው። መሥራቹ ያኔ ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለውን ኑሮ ቀድመው ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ከእሳቸው በፊት ጡረተኛ ወይ ከልጁ ጋር ይኖራል፣ ወይ መጦሪያ ይገባል። እሳቸው የመዋኛ ገንዳ፣ የጎልፍ ሜዳ፣ የእንጨት ሥራ ክፍልና የዳንስ አዳራሽ ሠሩለት። ሌሎች ገንቢዎች መጥተው አዩና እየቀዱ በየቦታው ተከሉት። "ሰው ስልሳ ዓመት ሲሞላው በረንዳ ላይ እንዲቀመጥ ማን ፈረደበት?" አሉኝ፣ በጎልፍ መኪና እየነዱ መንደሩን ሲያዞሩኝ።

ልሰናበታቸው ስል መኪናዋን አቆሙ። "አንድ ነገር ጻፍልኝ" አሉኝ። "እዚህ ልጅ አይኖርም። ለእንግድነት እንኳን በዓመት ከሁለት ሳምንት በላይ አያድርም። የናንተ አገር ሰዎች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ልጅ የሚያሳድግ ሰው እዚህ ቢመጣ ይከፋዋል። ይሄን ሳትጽፍ እንዳትቀር።"

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አሰመርኩበትም።

ጽሑፉ ሲወጣ ግን አልነበረበትም። የሰረዘው አዘጋጁ አይደለም። ቦታም አልጠበበም። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ ጋዜጣውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ሙት ዓመት ማስታወቂያው ድረስ ያነቡታል፤ ልጃቸው የጻፈውን ደግሞ ሁለት ጊዜ። ያን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእሳቸው ብቻ ነበር። በውስጡ አንድም ሐሰት የለም። ዛሬም ለእያንዳንዱ መስመር ማስረጃ ማቅረብ እችላለሁ። ይህ የሚያጽናናኝ ይመስላችኋል? ሐሰት ብጽፍ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ይይዘኝ ነበር።

አባቴ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ማህሌትስ?" አሉኝ። "ልጅ ይዞ መግባት ይቻላል?"

"ትመጣለች አባባ፣ ምን ችግር አለው።"

"ትምህርት ሲዘጋ ሰመሩን ሙሉ እኔ ጋ ትከርማለች እንግዲህ።"

ጋዜጣውን አጠፍኩላቸው። ይህን እሺታ አድርገው ወሰዱት። አዲስ አበባ የነበራቸውን ቤት በወኪል ሸጡና መንደሩ ውስጥ አንዲት ቤት ገዙ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበራቸውም።

በመጀመሪያው ሰመር፣ ማህሌት ሦስተኛ ሳምንቷን ስትጀምር፣ ከአስተዳደሩ ደብዳቤ መጣ። ትሕትና የተሞላበት ደብዳቤ ነው፤ ደንቡን ጠቅሶ ልጅቷ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ይጠይቃል። አባቴ እንዳነብላቸው ሰጡኝ።

"አዲስ ሕግ አውጥተዋል" አልኳቸው። ይህኛው ሐሰት ነበር።

"አዲስ ከሆነማ አቤት ይባላል" አሉ።

ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘንድ አቤቱታ ያልተጻፈበት ጉዳይ እንዳለቀ አይቆጠርም። ሁለት ቀን ሙሉ ጻፉ፤ ባለ መስመር ወረቀት ላይ፣ ኅዳግ ትተው፣ በዚያ ቀጥ ባለ የቀያሽ እጃቸው። "ለክቡር የመንደሩ መሥራች" ብለው ጀመሩ። መንደሩን ያኔ የሚያስተዳድረው የነዋሪዎች ቦርድ መሆኑን አያውቁም። እኔ በጽሑፌ ሰውዬውን እንደ አገር ገዢ አድርጌ ስላቀረብኳቸው ቃላቸው ሕግ መስሏቸዋል። "ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄ አብራኝ እንድትከርም ስለመጠየቅ" ይላል። ከግርጌው፣ "አባሪ፦ አንድ ገጽ የጋዜጣ ጽሑፍ።"

አባሪው የእኔ ጽሑፍ ነበር። ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ነው። "ልጅ አይገባም የሚል የለበትም" ብለው ጻፉ፤ "ጸሐፊው ልጄ ነው፣ ልጄም ያላጣራውን አይጽፍም።"

"በእንግሊዝኛ ገልብጠህ በእጃቸው ስጥልኝ። ትተዋወቁ የለ?"

እንተዋወቃለን። ካርዳቸው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ግን ሰውዬው ያን ገጽ አስተርጉመው ቢያነቡት፣ ሳትጽፍ እንዳትቀር ያሉኝ ነገር እንደሌለበት ያያሉ። ስለዚህ አላደረስኩትም። አቤቱታውን የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጠረጴዛዬ በዚያን ጊዜ ቀድሞ አባቴና ማህሌት ይተኙበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ማህሌት ሳሎን ትተኛለች። በሩን ዘግቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

መንደሩ መጥፎ ቦታ አልነበረም፣ ይህን መመዝገብ አለብኝ። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ። አባቴ በየጠዋቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ወደ አዳራሹ ይሄዳሉ። ሰው በገባ ቁጥር "ኖር" ብለው ከወንበራቸው ይነሳሉ። "በእግዜር" የሚላቸው የለም። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የአዳራሹ ሠራተኛ መስለዋት ኮቷን አቀበለቻቸው፤ ተቀብለው ሰቀሉላት። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው። እኔም ሳቅኩ። የእድር ሰዎች መጀመሪያ ላይ ይመላለሱ ነበር። በኋላ ቤልትዌዩ፣ ያ የከተማው ቀለበት መንገድ፣ ሲጨናነቅባቸው፣ በር ላይ ስማቸውን ማስመዝገቡ ሲሰለቻቸው፣ በስልክ ሆነ። በኋላ ስልኩም ቀረ። እኔ እሑድ እሑድ አንድ ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ።

"መልስ የለም?" ይሉኛል።

"እየታየ ነው አባባ።"

"ትልቅ ሰው ጉዳይ ይበዛበታል፣ አናጣድፋቸው።"

አንድ እሑድ "የመዝገብ ቁጥር ሰጥተውሃል?" ብለው ጠየቁኝ። ሰጥተውኛል አልኩና ከአፌ የመጣልኝን ቁጥር ነገርኳቸው። የኪስ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁኝ በቁጥሩ ነው። እኔ፣ የሰው ስም አንድ ፊደል ቢሳሳት በሚቀጥለው እትም ማረሚያ የማወጣ ሰው፣ ያን ቁጥር እስኪሞቱ ድረስ ሳላርመው ቆየሁ።

መጨረሻ አካባቢ፣ "አባባ፣ ማህሌት እኮ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት፣ አሁን ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው።

"እንቢ ካሉም እንቢ ብለው ይጻፉልኝ" አሉኝ። "ሰው መልስ ሳያገኝ እንዴት ይቀመጣል?"

አባቴ ከሞቱ አራት ዓመት ሆነ። አቤቱታው አሁንም እኔ ጋ ነው። ባደርሰው ኖሮ ይፈቀድላቸው ነበር? አላውቅም። ለቦርዱ አንድ ስልክ ደውዬ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላችሁ ያውቃል ወይ፣ ምንስ መለሳችሁ ብል የማገኘው መልስ ነው። ከዚህ የከበደ ጥያቄ ለስንት ባለሥልጣን አቅርቤአለሁ። ይህን ግን አልጠየቅኩም። ይፈቀድ ነበር ቢሉኝስ?

ባለፈው ዓመት ከማህሌት ጋር ወደ መቃብራቸው ስንሄድ መኪና ውስጥ ስለ አያቷ አነሳሁባት። በእንግሊዝኛ ነው የመለሰችልኝ። "እኔ ጫጫታ እወድ ነበር፣ እሱ ሰላሙን ፈልጎ ሄደ፣ አልፈርድበትም" አለች። በአሥር ዓመቷ የደረሰችበት መደምደሚያ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ድረስ ይዛው ኖራለች። አያቷ የተዉአት መስሏታል። መሪውን ይዤ ነበር። የምናገረው ነገር ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፣ ፓርክ አደረግኩ፣ አበባውን ከኋላ ወንበር አወጣሁላት።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። አባቴን እንዳልጠይቅ አልፈዋል። የቀረችው ማህሌት ናት፤ ልነግር የሚገባኝ ለእሷ ነበር፣ የነገርኩት ግን ለእናንተ ነው። የጻፍኩትም በአማርኛ ነው። ማህሌት አማርኛ ትሰማለች፤ ማንበብ አትችልም። ፊደል ማስቆጠር የጀመሩላት አባቴ ነበሩ፤ ከእሳቸው ስለያት ግማሹ ላይ እንኳን አልደረሱም። እንደማታነበው አውቄ ነው የጻፍኩት። ይህንንም ከጥፋቴ ጋር ቁጠሩት።